ከወረቀቷ በፊት የገባው ጠበል

በሆላንዷ ዴን ሃግ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስታዥ፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ ነርስ ኢንግሪድ መጀመሪያ ያስያዘችኝ አንዲት ቀጭን ወረቀት ነበረች። አሲድ ሲነካት ብርቱካንማ ትሆናለች፤ አሲድ ከሌለ ወደ አረንጓዴ ትሄዳለች። የነርስነት ትምህርት የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር።

መዋጥ የማይችል ሰው ምግቡን የሚያገኘው በአፍንጫው ገብቶ ጨጓራው በሚደርስ ቱቦ ነው። ቱቦው በሳል ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ከምግብ በፊት በስሪንጅ ትንሽ ፈሳሽ እንስባለን፤ ወረቀቷ ላይ ጠብ እናደርጋለን፤ ቀለሟን በሳጥኑ ላይ ካለው የአሲድ መጠን ቁጥር ሰንጠረዥ ጋር እናስተያያለን። ቁጥሩ አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፈሳሹ የጨጓራ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም አናስገባም።

"ሳንባ ውስጥ ምግብ ካፈሰስሽ ሰው ትገድያለሽ" አለችኝ ኢንግሪድ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ።

በሦስተኛው ሳምንት አባባ ወርቁ የሚባሉ አረጋዊ እንድንከባከብ ተመደብኩ። ስትሮክ አንድ ጎናቸውንና ንግግራቸውን ወስዶባቸዋል። ቱቦው ሲገባላቸው ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አፍንጫቸው ደምቶ እንደነበር፣ እሳቸውም እንዳለቀሱ ባለቤታቸው እማማ የሺ ነግረውኛል።

አንድ እሑድ እማማ የሺ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

"ልጄ፣ ጠበል ነው። በዚህች ቱቦ ጥቂት አድርጊላቸው።"

"እማማ፣ መጀመሪያ በወረቀቷ ልፈትሽ።"

"ጠበል ደግሞ በወረቀት ይፈተናል?" ብለው ሳቁ። "ጠዋት ፈትሻችሁ አብልታችኋቸው የለ?"

አባባም በደህናው እጃቸው ጠርሙሱን አመለከቱ። እምቢ ለማለት አፈርኩ። ጠበሉን በስሪንጅ ስቤ በቱቦው ሰጠኋቸው። እማማ መርቀውኝ ሄዱ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኢንግሪድ የምሳውን ምግብ ይዛ መጣች። ፈሳሽ ሳበች። ወረቀቷ አረንጓዴ ሆነች፤ ሰባት። በሌላ ወረቀት ደገመች፤ ያው ነው።

"ተንሸራትቷል። አውጥተን አዲስ እናስገባለን።"

አባባ ደችኛውን ይሰማሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደህናው እጃቸው የአልጋውን ብረት ያዘ።

ጠበሉ የጨጓራውን አሲድ አቅጥኖት ሊሆን እንደሚችል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ብል ቱቦው ይወጣል። ብናገር ስታዤ ሊቋረጥ ይችላል። ኢንግሪድ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

"ኢንግሪድ፣ ቆዪ። ቅድም ውሃ ሰጥቻቸዋለሁ።"

"ፈትሸሽ?"

"ሳልፈትሽ።"

ጓንቷን አወለቀች። "አሲዱ እስኪመለስ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። አንቺ ከዚህ አትንቀሳቀሺ፤ ትንፋሻቸውን ተከታተዪ።"

ውሃው ጨጓራ ይግባ ሳንባ፣ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ያን አንድ ሰዓት የአባባን ደረት እያየሁ ቆምኩ። እሳቸው ደግሞ እኔን ያያሉ።

ሰዓቱ ሲሞላ ኢንግሪድ ስሪንጁን ለኔ ሰጠችኝ። ሳብኩ። ጠብ አደረግሁ። ወረቀቷ ብርቱካንማ ሆነች፤ አራት። አባባ የአልጋውን ብረት ለቀቁት።

ኢንግሪድ ሪፖርቱን ጻፈች፤ እኔም ፈረምኩ። ስታዤ አልተቋረጠም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ግን እንደገና እንድሠራ ተደረገ።

በሚቀጥለው እሑድ ለእማማ የሺ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የወረቀቶቹን ሳጥን ራሳቸው አንስተው አቀበሉኝ።

"በይ ፈትሺ። ጠበሉ ይጠብቃል" አሉ።

ወደ ቱቦው የሚገባ ማንኛውም ነገር ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። ሳይፈተሽ የገባ ካለ፣ ሳይጠየቁ ይነገራል።