ዳማከሴ እና የጣት ደም

እናቴ ብርድ ብርድ ያለው ሰው ሁሉ ምች የመታው ይመስላታል። የምች መድኃኒት ደግሞ ዳማከሴ ነው። ከዚራ ባለው ግቢያችን፣ ጥላ ሥር፣ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ተክላዋለች፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ሲያጠወልገው ለእኔ ከምታዝነው በላይ ታዝንለታለች። የታመመ ሰው ሲመጣ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡና ውስጥ ጠብ ታደርግለታለች፤ የተረፈውን ግንባሩን ቀብታ ጋቢ ታከናንበዋለች።

እኔ ለብቻዬ የምኖር የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ማይክሮስኮፕ ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ አፌ ተበላሸ። «እማዬ፣ ቅጠልሽ ዛሬ ስንት ወባ ገደለ?» እላት ነበር፣ ያውም ጎረቤት ፊት። እሷም አብራ ትስቃለች። የከነከናት አልመሰለኝም።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ ከሰዓት ሥራ ላይ ሳለሁ ባለሱቋ ሶማሌ ጎረቤታችን ደወሉልኝ። «አቦ፣ ቶሎ ነይ! እናትሽ ሦስት ቀን ሙሉ እየተንቀጠቀጠች ነው። ለልጄ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኝ ነበር። ወላሂ፣ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።»

በባጃጅ በረርኩ። እናቴ በዚያ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እጇን ልይዛት ስል ነጠቀችኝ።

«ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?»

በቁሜ አፈርኩ። ወባ ቸል ሲባል ሰውን ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ አያለሁ፤ የገዛ እናቴ ግን ከወባው ይልቅ የኔን ሳቅ ፈርታ ተደብቃለች። ብትሞትብኝ ኖሮስ?

«አልስቅም እማዬ። ብቻ ደምሽ ይታይልኝ» አልኳት። እጇን ሰጥታኝ ተነሳች፤ ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ሲጠይቃት፣ እኔን በጎን እያየች «ዳማከሴ» አለች። እሱ ሳይስቅ ካርዷ ላይ ጻፈው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። የጣቷ ደም ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቷን ጨርሳ በሳምንቱ ግቢውን መጥረግ ጀመረች።

ስታገግም ስለ ቅጠሉ የተጻፈውን ፈላልጌ አነበብኩ። ላቦራቶሪ ውስጥና በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ የሚጠቁም ነገር አለ፤ በሰው ላይ በሚገባ የተፈተነ ግን አላገኘሁም። እንዳለ ነገርኳት። «ትኩሳቱን ያስታግስ ይሆናል፤ ወባን ግን ለኪኒኑ ተዪለት» አልኳት።

«ይሁን። አንቺም ቅጠሌን አትስደቢ» አለችኝ። ተስማማን።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ እያለኝ ነው። ገና ምንም አልጠጣሁም፤ መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

እናቷ አመመኝ ስትላት ደስ ያላት ልጅ ካለች እኔ ነኝ። ጓንቴን አውልቄ እየሮጥኩ ወጣሁ።