ሱሌማን ፍሬኑን ያስነቀለበት ሳምንት

ሱሌማን ጋቢና ሲቀመጥ እግሩ አያርፍም። ከፊቱ ፔዳል የለም፤ ያለው አቧራ የጠጣ ምንጣፍ ብቻ ነው። እሱ ግን ከፊት ያለ መኪና ድንገት በቆመ ቁጥር፣ እግረኛ ዘሎ አስፋልት በገባ ቁጥር፣ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይተክላል። ከወሎ ሰፈር ቡልቡላ ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲሰለቸው መኪናውን ለሌላ ሹፌር አስረክቦ ነው ተሳፋሪ የሆነው። ሹፌሩ አንድ ቀን ቢጨንቀው፣ ጋሼ ወለሉን ሊበሱብኝ ነው አለው። አንተ በጊዜ ብትይዝ እኔን ምን አስረገጠኝ ብሎ መለሰለት።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አውሮፕላን ተሳፈር የተባለው።

ልጁ ነኢማ ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች። አባትና እናቷን አንድ ላይ ለዑምራ ልትልክ ካሰበች ቆይታለች። እናቷ የሺአረግ ይህን ጉዞ የተመኘችው ነኢማ ሳትወለድ በፊት ነው። ሱሌማን ደግሞ አልሄድም ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ጉልበቴ አለ። ቀጥሎ የመኪናው ሞተር ሊወርድ ነው አለ። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ አለ፤ ክረምቱ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሊሮጥ ነው እንዴ? ማንም አልጠየቀውም። እኛ እንዲህ ነን! ትልቅ ሰው ውሸት ሲናገር አንገታችንን ዝቅ አድርገን እንቀበላለን፤ ይህንንም አክብሮት እንለዋለን። ስንት ቤት ነው በዚህ አክብሮት ምክንያት በዝምታ የታሸገው?

በዝምታው የተጎዳችው የሺአረግ ነበረች። ሰውየው ከእኔ ጋር መሄድ አይፈልግም ብላ ደመደመች። አልተጣላችውም፤ አልለመነችውምም። ለጉዞው የተገዛውን አዲስ ሻንጣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ የክረምት ብርድ ልብስ ጠቀጠቀችበት። ሱሌማን ያንን ሻንጣ በየቀኑ ያየዋል። መኖሪያቸው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሻንጣውም አብሮ። በዚህ ቤት ውስጥ ስለ አውሮፕላን የማይናገር ሱሌማን ብቻ ነበር።

በዚህ ዓመት ነኢማ መታገሥ አቃታት፤ ደግ አደረገች። እሁድ ዕለት ቤት መጥታ ከፊቱ ተቀመጠች።

"አባ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ስማችሁን ካላስገባሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እማ ደግሞ ያላንተ ንቅንቅ አልልም ብላለች። አንተ ከቀረህ እሷም ቀረች ማለት ነው።"

ኢንሻአላህ አላት። የፈጣሪን ስም መሸሸጊያ ማድረጉ ነኢማም ገባት፣ እሱም ገባው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ ከሹፌሩ ጋር ሆኖ ሚኒባሷን ግሪስ ሊያስቀባ ወሎ ሰፈር ግርማይ ጋራዥ ወሰዳት። ግርማይ የድሮ ወዳጁ ነው፤ ምላሱ ከመፍቻው የፈጠነ መካኒክ። ከጋራዡ ጀርባ የየሺአረግ የወንድም ልጅ ሐምዛ ጌም ቤት ከፍቷል። ፊት ለፊት ኳስ የሚጫወቱበት ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ግን ሐምዛ ለራሱ ያስቀመጣት ኮምፒውተር አለች። ሱሌማን ጊዜ ለመግደል ሲገባ ሐምዛ ቦሌ ኤርፖርት ላይ አውሮፕላን ሊያሳርፍ እየተዘጋጀ ነበር። ጨዋታው የአውሮፕላን በረራን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ነፋሱም፣ ቀለበት መንገዱም ሳይቀር አለበት። ሱሌማን ከኋላው ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ። ጎማው አስፋልት ሲነካ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ።

"ፍሬኑ የቱ ነው?" አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይቺ ነበረች።

ሐምዛ በእጁ የያዘውን ጆይስቲክ አሳየው። ወደ ኋላ ሲስቡት አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ይዞራል። እግርስ ምን ይሠራል ቢለው፣ እዚህ ሥራ የለውም፤ እውነተኛው ላይ ግን ሁለት ፔዳል አለ፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያደርገው እሱ ነው ብሎ አስረዳው። ሱሌማን ፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያለ እግር መንዳት መንዳት እንዳልሆነ፣ የሚነዳበትን መንገድ የማያውቀው ነገር ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ተናገረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እግሩን አምጣና አሳየኝ። ካየሁት ምናልባት..."

ሐምዛ የቤተሰብ ወሬ ያውቃል። ምናልባት የምትለዋን ቃል አልለቀቃትም።

የአውሮፕላን ፔዳል ግን ከየት ይምጣ? ሐምዛ አንድ ጊዜ ከዱባይ የሚመጣ ጓደኛውን ጠይቆ፣ በዚያ ኪሎ ስንት ስልክ እንደማመጣ ታውቃለህ ተብሎ ተስቆበታል። እዚህ አገር ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይሆንም የሚል ሰው መዓት ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ግን ተረከዙ ያለቀ ጫማውን ጠጋኝ ጋር ወስዶ ያሳድሳል። ሐምዛ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ የመኪና እሽቅድምድም መጫወቻ ፔዳል ጎትቶ አወጣ። መሪውን ደንበኞች ተሻምተው ሰብረውታል። ፔዳሎቹ ግን ደህና ናቸው፦ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ። ሱሌማን ሲያያቸው ፊቱ በራ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘመድ ያገኘ መሰለ።

ችግሩ ወዲህ ነው። የመኪና ፔዳል እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ ይረግጡታል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይነሳል። የአውሮፕላኑ ሁለት ፔዳሎች ግን የተሳሰሩ ናቸው። ግራው ሲገባ ቀኙ ይወጣል፤ አፍንጫው ቀጥ የሚለው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው። ሐምዛ የፔዳሎቹን ገመድ ከአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር በየደ። ኮምፒውተሩንም ፍሪሲዮኑን ግራ፣ ነዳጁን ቀኝ ብለህ ቁጠር፣ የአንዱን ከሌላው እየቀነስክ አፍንጫውን አዙር አለው። ማክሰኞ ግርማይ ተራውን ወሰደ። ብረት ቆርጦ ከፔዳሎቹ ጀርባ እንደ ሚዛን ዘንግ አጋደመና መሃሉን ኩሽኔታ ላይ አስቀመጠው፤ ኩሽኔታው ከሱሌማን ሚኒባስ ጎማ ላይ የወጣ አሮጌ ነው። ሁለቱ ፔዳሎች ግማሽ ድረስ ገብተው እንዲያርፉ አድርጎ አሰራቸው። አንዱን ሲገፉት ሌላው እግርን እየገፋ መጣ። ሐምዛ ሲሞክረው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እጅ ለእጅ የተያያዘ ነገር ነው የሚመስለው።

መሃል ላይ ያለው ፍሬን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሐምዛ ሊነቅለው መፍቻ ሲያነሳ ሱሌማን እጁን ያዘው። ፍሬን የሌለው ነገር ላይ እግሩን እንደማያሳርፍ ነገረው። አይሠራም እኮ ቢለው፣ ባይሠራም ይኑር አለ። የማይሠራ ነገር ይዞ መጽናናት! ይህንንም ዝም ብለው ተቀበሉት፤ ትልቅ ሰው ነዋ።

ረቡዕ በረራ ተጀመረ። ሐምዛ ነዳጅ መስጫው በእጅ እንደሆነ፣ እግር ለአፍንጫው ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ አስረዳ። ሱሌማን ገባኝ አለ። በእርግጥም ጭንቅላቱ ገብቶት ነበር፤ እግሩ ግን አልሰማም። በእጁ ጉልበት ሲሰጥ ቀኝ እግሩም በልማዱ ነዳጅ ሰጠ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ታጥፎ አስፋልቱን ለቀቀና ሣሩ ላይ ቆመ።

"ሱሌ" አለ ግርማይ በር ላይ ተደግፎ፣ "ዳር ያዝክ። ወራጅ አለ ያለ ሰው አለ እንዴ?"

ኳስ የሚጫወቱት ሁሉ ጨዋታቸውን ትተው ዞሩ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ሣሩ ላይ። ሐምዛ አውሮፕላኑን ራሱ አስነሥቶ ማረፉን ብቻ እንዲሞክር ሰጠው። ይህ የባሰ ሆነ። መሬቱ ከፍ እያለ ሲመጣበት የሱሌማን ሁለት እግሮች ሚኒባስ ለማቆም የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ግራው ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ተጫነ፣ ቀኙ የማይሠራውን ፍሬን ረገጠ። አውሮፕላኑ በግራ ጎኑ ተገለበጠ። ግርማይ ትርፍ ጭነህ ነው አለው። ሱሌማን ራሱ ሳቀ፤ ደስታው እውነተኛ ነበር፣ ላቡም እውነተኛ ነበር። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

አራተኛው ይሁን አምስተኛው አደጋ ላይ ሳቁ ድንገት ቆመ። ሱሌማን ዞር ሲል የሺአረግ በሩ ላይ ቆማለች። ባልሽ ወሎ ሰፈር ከጎረምሳ ጋር ጌም ይጫወታል ብሎ የነገራት ጎረቤት አለ። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ስክሪኑን አየች፣ ፔዳሉን አየች፣ እሱን አየች።

"ለእኔ ጊዜ የለህም" አለች ቀስ ብላ። "ለዚህ ግን ጉልበትህም ደህና ነው።"

ግርማይ የሆነ መኪና ትዝ አለኝ ብሎ ወጣ። ሐምዛ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ያልጠፋ ገመድ መፈለግ ጀመረ።

ሱሌማን ሌላ ሰበብ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ሰበብ አያልቅበትም። ግን እግሩ ገና የማይሠራው ፍሬን ላይ ነበረ፤ ወደ ታች አየውና ሰበቡን ተወው።

"የሺ፣ ፈርቼ ነው" አለ። "ጉልበቴም፣ ሞተሩም ውሸት ነው። ራሴ ያልያዝኩት ነገር ላይ መቀመጥ አልችልም።"

ይኸው፣ አለቀ። ቤቱን ስንት ክረምት ያቀዘቀዘው ነገር ይህን ያህል አጭር ነበር። የሺአረግ አጥብቃ የያዘችውን ነጠላ ለቀቀች። ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለ፤ አፏ ግን ሊስቅ ነው።

"እኔስ?" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ አንተ በያዝከው መኪና ነው የሄድኩት። እኔ መቼ መሪ ያዝኩ? በዝናብ፣ በጭለማ፣ ያቺ ጎማ ሞጆ ላይ የፈነዳች ቀን ሳይቀር። ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ አምኜህ አይደል?"

ሱሌማን ይህን አስቦት አያውቅም። አንድም ቀን! ሹፌር ስለ ተሳፋሪ ፍርሃት መቼ ያስባል? ባልስ መቼ ያስባል?

እሷ ግን አልጨረሰችም። ወንበር ስባ ከጎኑ፣ ልክ ጋቢና እንደምትቀመጠው ሆና ተቀመጠች።

"በል እንግዲህ፣ እኔን ይዘህ ውረድ።"

ሱሌማን ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ያ ጫማ መኪና ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ሐምዛ ተመለከተ።

"ሐምዛ፣ እዚያው እያለህ ፍሬኑን ንቀለው።"

ሐምዛ ነቀለው። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ቀረ። ሱሌማን በካልሲው ሁለቱን ፔዳሎች ዳበሰ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ ተሰማው፣ እግሩ እንግዳ ነገር መሆኑን ተቀበለ። ሐምዛ ከጎን የሚመታ ነፋስ ጨመረበትና ወደ ቦሌ መራው። ነፋሱ እንዳይገፋው አፍንጫው ወደ ነፋሱ ዞሮ፣ አውሮፕላኑ አስፋልቱን በጎኑ እያየ ይመጣል። መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው በእግር የሚቀናው። ቡልቡላ በግራ በኩል አለፈ። የሺአረግ ቤታችን የቱ ነው አለች፤ የነጂውን ትኩረት አትስረቂ ተባለች።

"አሁን" አለ ሐምዛ።

ሱሌማን በግራ እግሩ ቀስ አድርጎ ገፋ። ቀኙ ራሱን ችሎ ተመለሰ። አፍንጫው ቀጥ አለ፣ ጎማው አስፋልቱን መታ፣ ነጠረ፣ ደግሞ መታ፣ ተንከባለለ። አስፋልቱን አልለቀቀም። ማንም ምንም አልረገጠም።

"የቡልቡላው ጉድጓድ እዚህም አለ እንዴ?" አለች የሺአረግ። ግርማይ ለካ በመስኮት እያየ ነበር፤ ጭብጨባው ከውጭ ተሰማ። ሱሌማን ጫማውን ሳያጠልቅ ስልኩን አውጥቶ ነኢማ ጋ ደወለ። ስማችንን አስገቢ አላት፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ያን ዕለት ማታ ብርድ ልብሱ ከሻንጣው ወጣ።

በጉዞው ቀን ፍርሃቱ አልጠፋም። ይጠፋል ብሎ የነገረው ካለ ዋሽቶታል። አውሮፕላኑ ሲነሳ የየሺአረግን እጅ ጨምድዶ ያዘ፤ እሷም አሳምመኸኛል አለችው እንጂ አልለቀቀችውም። ግን ደግሞ ቡልቡላ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አራተኛውን ፎቅ ፈለገ። ጅዳ ሲቃረቡ ጫማውን አወለቀ። ክንፉ ረገብ ቀና አለ፤ አስፋልቱ በመስኮቱ በኩል በሰያፍ ታየው።

"ነፋስ አለ" አላት በሹክሹክታ። "ቆይ፣ አሁን ያቀናዋል።"

ካልሲ ያጠለቀው ግራ እግሩ ወለሉን ቀስ ብሎ ገፋ። ልክ በዚያች ቅጽበት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀና አለ፣ ጎማው መሬት ነካ፣ ሰውነታቸው ወደ ፊት ገፋ ብሎ ተመለሰ። ቀኝ እግሩ አልተነቃነቀም። ሱሌማን ትንፋሹን ለቀቀና በኩራት ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ወራጅ አለ" አለ።

የሺአረግ የታመመ እጇን እያሻሸች፣ "እንዴ፣ ገና ነው፤ ፌርማታው ይድረስ እንጂ" አለችው።