ሠርክ በኮክ ሻምፖ የታጠበችበት ቅዳሜ

ሠርክ ፀጉሯን በልብስ ሳሙና ነበር የምታጥበው። ይህን ስናገር የማያምኑኝ አሉ፤ ፀጉሯ ጀርባዋን አልፎ ወገቧ ላይ የሚያርፍ፣ ሌላዋ ብትሆን ናይሮቢን ሁሉ እየዞረች የምታሳየው ዓይነት ነበር። እሷ ግን ጠቅልላ በሻሽ ታስረዋለች፣ ጠዋት ማታቱ በሚሉት ታክሲ መሃል ከተማ ትወርዳለች፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስትመታ ውላ ማታ ትመለሳለች። እኔ የሬስቶራንት ወጥ ቤት ነበርኩ። ኪሊማኒ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ስለምንኖር ማስነጠሷ ሳይቀር ይሰማኛል። ምነው ቅባት ቢጤ ጠብ ብታደርጊበት ስላት ለማን ብዬ ትለኛለች።

ለማን እንደሆነማ አውቃለሁ። ባልቻ የሚባል ባል ነበራት። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤቱ ወስደው አሰሩት፤ እሷንም ሲፈልጓት በነጋዴዎች የጭነት መኪና ተሸሽጋ በሞያሌ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ “ዘንድሮ ይፈታል” ስትባል ነው የኖረችው። ለአብዮቱ በዓል እስረኛ ይፈታል ይባላል፤ በዓሉ ያልፋል፣ ባልቻ አይፈታም። እኔ ብሆን ድሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። እሷ ግን የጢም መላጫውን ሳይቀር ገዝታ ያስቀመጠች ሴት ናት።

የአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሉሊት ላቪንግተን የሚባለው የሀብታም ሰፈር ትልቅ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ባሏ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ስትመለስ ለሠርክ ሁለት ጠርሙስ አመጣችላት። አንዱ ሻምፖ፣ ሌላው ኮንዲሽነር የሚሉት ወፈር ያለ ቅባት። ሁለቱም ላይ ኮክ ተስሏል። ከፍተን ብናሸተው እውነትም ኮክ፣ ያውም የበሰለ። ናይሮቢ ከመጣሁ ማንጎና ፓፓያ እንጂ ኮክ በዓይኔ አላየሁምና ምራቄን ዋጥኩ። ሠርክ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ባልቻ ሲመጣ ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። እስከዚያ ይበላሻል አልኳት። አፌ አያርፍም።

አንድ ሐሙስ አቶ ዓምደሚካኤል ከአዲስ አበባ ወሬ ይዘው ገቡ። አየር መንገድ ስለሚሠሩ የአገር ቤት ወሬ ሁሉ የሚደርሰን በእሳቸው በኩል ነው። ባልቻ እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞቷል። ናይሮቢ ላለነው አበሾች ሽማግሌዎች ተናገሩ፤ ሽማግሌዎቹም ሉሊት ቤት ተሰብስበው መከሩ። መርዶ በሰው አገር ብቻዋን ለምትኖር ሴት እንዲያው አይነገርም፤ ስትወድቅ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው መሰብሰብ አለበት። በሥራ ቀን ደግሞ ማን ይገኛል? ስለዚህ እሑድ ማለዳ ይሁን ተባለ። ለእኔ አልነገሩኝም። ምሥጢር አትጠብቅም አሉ አሉ፤ ልክ ናቸው።

የሉሊት ድርሻ ሠርክ እሑድ በማለዳ ቤተክርስቲያን እንዳትሄድ ማስቀረት ነበር። ቢሮዋ ደወለችላትና አቶ ዓምደሚካኤል ከአገር ይዘውልሽ የመጡት ነገር አለ፣ እሑድ ጠዋት ከቤት እንዳትወጪ አለቻት። ምንድን ነው ብትላት በስልክ አይነገርም ብላ ዘጋችው።

እስቲ ፍረዱ። በደርግ ጊዜ በስልክ የማይነገር ነገር ምንድን ነው? እኛ ስልክ ስናነሣ እንኳን የሰው፣ የራሳችንን ስም ለመጥራት እንፈራ ነበር። ሰው ከእስር ወጥቶ በድብቅ ድንበር ከተሻገረ ወሬው የሚነገረው እንዲህ ተሸፋፍኖ ነው። ሠርክ እንደዚያ ተረዳችው። ስትነግረኝ እኔም አልተጠራጠርኩም፤ እልል ልል ስል አፌን በእጇ ከደነችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ውሃ አሞቅኩላት። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ስትፈታ ፀጉሯ መሬት ሊነካ ደረሰ። ሻምፖውን መዳፏ ላይ አፍስሳ ስታሸው አረፋው እስከ ክርኗ ወጣ። ሽታው ግቢውን ቢሞላው ፎቅ ላይ የምትኖረው ኬንያዊት ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ ኬክ እየጋገራችሁ ነው ወይ አለችን። ሠርክ ከት ብላ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ጥርሱ ረግፎ፣ ከስቶ ሊመጣ ይችላል አለችኝ፣ ግድ የለኝም፤ የእኔን ፀጉር ግን ትቶት እንደሄደ ያግኘው።

በዚህ መሃል ሉሊት መጣች። ለነገው ለቅሶ ቤቱን ልትቃኝ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀችም። በር ላይ ቆማ ቀረች። ሠርክ በአረፋው ውስጥ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ስጦታው ያንቺ ነውና ነይ አንቺው እጠቢኝ አለቻት። ሉሊት የእጅ ሰዓቷን ፈታ ሰጠችኝና ጆጉን ከእጄ ወሰደች። ቀስ ብላ፣ ጆሮዋን በእጇ እየከለለች፣ ሕፃን እንደምታጥብ አጠበቻት። እንባዋ ሲወርድ አይቼ ምን ሆንሽ ብላት ሳሙና ዓይኔ ገባ አለች። አመንኳት፤ ሞኝ ነኝ።

ኮንዲሽነሩ ላይ ክርክር ተነሣ። ጠርሙሱ ለጥቂት ደቂቃ ተቀብታችሁ ተለቅለቁ ይላል። ሠርክ አልተቀበለችውም፤ ይህ ለፈረንጅ የተጻፈ ነው፣ ቅቤ የለመደ ፀጉር በጥቂት ደቂቃ ምን ይጠግባል አለች። ጠርሙሱን አሟጣ ተቀባችና እንደ ቅቤ እንዲያድርበት በሻሽ ጠቀለለችው። ጠዋት ሰው ሳይመጣ ልትለቀለቅ ነበር። ሉሊት ተዪ አላለቻትም፤ ሰዓቷን እንኳ ሳትቀበለኝ ወጥታ ሄደች።

እሑድ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ። ሠርክ የመኪና ድምፅ ስትሰማ መለቅለቁን ትታ፣ ሻሿን ጥላ፣ ፀጉሯን በትና በሩን ከፈተች። እኔም ወጣሁ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል። ለእኔ ወዲያው ገባኝ። እሷ ግን ከፊት የቆሙትን አቶ ዓምደሚካኤልን አልፋ የወንዶቹን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከጥግ አንድ ረጅም ሰው አቀርቅሮ ነበር፤ ወደ እሱ ሄደች። ቀና ሲል ባልቻ አይደለም።

“የታለ?” አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ለቅሶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስትወድቅ የያዟት ሴቶች እጃቸው በቅባቱ ተሙለጨለጨ። ኬንያዊቷ ጎረቤታችን ሳትጠራ ወርዳ “ፖሌ ሳና”፣ በስዋሂሊ እግዜር ያጽናችሁ፣ እያለች አብራን አለቀሰች። እትዬ እህተማርያም የሚባሉ፣ ከምክሩ ያልቀሩ ትልቅ ሴት፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ ራሷን እጠቧት፣ ባሏ ሞቶ ሽቶ ተቀብታ ተቀመጠች ይሏታል ብለው ውሃ አስመጡ። ደሜ ፈላ። ሽቶውን ያስቀባት ማን ሆነና? ሠርክ ግን ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አላስነካም አለች። ሦስቱን የለቅሶ ቀን እንደዚያው ተቀመጠች፤ አቅፏት ያለቀሰ ሰው ሁሉ ኮክ ኮክ እየሸተተ ወደ ቤቱ ሄደ። ሐሜቱም አልቀረም።

ከዐርባው በኋላ ሉሊት መጣች። ከለቅሶው ወዲህ ከሰው ጋር እንጂ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ሠርክ እግር ላይ ተደፋችና እያጠብኩሽ አውቅ ነበር፣ አፌን ከፍቼ ልነግርሽ አቃተኝ፣ ይቅር በዪኝ አለቻት። ሠርክ ትጮህባታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንድትጮህባት ፈልጌ ነበር። ሠርክ ግን ክንዷን ይዛ አነሣቻት።

“የቅዳሜውን ይቅርታ አትጠይቂኝ” አለቻት። “በሰባት ዓመት ውስጥ ባልቻ የመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።”