ያልተሰፋው ኢጃዛ

ኻሚስ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የቆዳ ክታብ ለሰው ሲያሳይ ደረቱን ነፋ ማድረግ ይወድ ነበር። አይፈረድበትም፤ ሁለት ክረምት ሙሉ የለፋባት ናት። ከአሶሳ ገበያ በታች፣ በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ማህጁብ የሚባል ከኩርሙክ ማዶ የመጣ ሸማኔ ሽመና ማስተማር ከጀመረ ወዲህ እንደ ኻሚስ ያሉ ጎልማሶች ፍየላቸውን እየጎተቱ ደጁን ያጨናንቁት ነበር። ተማሪው አንድ ፍየል ይሰጣል፤ ሁለት ክረምት የማህጁብን ማሽላ ያርማል፤ በበጋ ይማራል፤ በመጨረሻ ኢጃዛ ይቀበላል። ኢጃዛ መምህሩ «ይህ ሰው ሙያውን ችሏል፣ በራሱ ይሥራ» ብሎ የሚጽፍለት ፈቃድ ነው። ያለ እሱ ደሙር የሚባለውን ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በራስ ስም ገበያ አውጥቶ መሸጥ ክልክል ነው።

ማህጁብ ታዲያ ኢጃዛውን እንደ ሌላ መምህር እጅ ላይ አይሰጥም። በቆዳ ሰፍቶ አንገት ላይ ያስርና በረካው፣ ማለትም በረከቱ፣ ውስጡ እንዳለ፣ ስፌቱ ከተፈታ ግን እንደሚበን ያስጠነቅቃል። በዚያ አገር ደግሞ የተሰፋ ክታብ የሚፈታ ሰው የለም። ውስጡ የቁርኣን ቃል አለ ተብሎ ስለሚታመን ሰው ገላውን ሲታጠብ እንኳ ይጠነቀቅለታል። የገበያው ዘበኛም ቆዳውን ዳሰስ አድርጎ ያሳልፋል እንጂ ክፈት አይልም። ማህጁብ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ያወቀውን ነገር ሳይጠቀምበት የሚያድር ሰውም አልነበረም።

የኻሚስ ሚስት ዐዋጢፍ በጋውን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ከረመች። የልቃቂቱ ክምር አልጋ ሥር አልበቃ ሲል ኻሚስ የራሱን የሽመና ጉድጓድ ቆፈረ፣ እግሩን ሰደደ፣ መወርወሪያውን አነሳ። ቀና ሲል ድር የለም። ድሩን ማድራት፣ የቁመቱን ክር መወጠር ያለበት እሱ ነው፤ እንዴት እንደሚደራ ግን አያውቅም። ማህጁብ ሁልጊዜ በሩን ዘግቶ ድሩን ራሱ ያደራል፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ተወጥሮ ይጠብቃቸዋል፤ የእነሱ ሥራ ማግ መወርወር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የመምህር ክብር መስሏቸው ነበር። ኻሚስ ሦስት ቀን ታገለ፤ በሦስተኛው ቀን የዐዋጢፍ ፈትል የማይፈታ ቋጠሮ ሆኖ ቀረ።

አፍሮ ወደ ማህጁብ ሄደ። ማህጁብ በፈገግታ ተቀብሎ፣ ድር ማድራት የሙዐሊሙ፣ የመምህሩ፣ ድርሻ እንደሆነ፣ እሱ እንዲያደራለት ከፈለገ ግን በየክረምቱ እየመጣ ማሽላውን ቢያርምለት እንደማይከፋው ነገረው። ኻሚስ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል መጣ። እንዲህ ከሆነ እስኪሞት ድረስ የማህጁብ አራሚ ነው፤ ኻሚስ የሚባል ሸማኔ አይኖርም።

ዐዋጢፍ ሰምታ ስታበቃ ክታቧን ክፈታት አለችው። እምቢ አለ። በረካው ይበናል ሲላት፣ የቱ በረካ አለችና የተቋጠረውን ፈትል ፊቱ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ቢላዋ አንስታ ስፌቱን ራሷ በጠሰችው። ከቆዳው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የበቆሎ ሽፋን ወደቀ። አንድ ፊደል የለበትም።

«አቡ ኢንዓም፣» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ወረቀት እንኳ አላወጣብህም።»

ኻሚስ ሽፋኑን ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ከሁሉ የባሰበት ደረቱን የነፋባቸው ቀኖች ትዝ ሲሉት ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ያሰበው መልሶ ሰፍቶ ዝም ማለትን ነበር፤ ሰፋትም። ግን በማግስቱ የእህቱ ባል ጁምዓ ያለችውን አንዲት ፍየል እየጎተተ ወደ ማህጁብ ሲወርድ መንገድ ላይ አገኘው። ጁምዓ ሳቅ ብሎ፣ አንተን አይቼ ነው የተነሳሁት አለው። ኻሚስ የፍየሏን ገመድ ተቀብሎ ወደ ገበያው፣ ገበያውን የሚዳኙት ቃዲ ሙርሳል ወደሚያስችሉበት ሾላ ሥር ይጎትታት ጀመር፤ ጁምዓም ፍየሏን ከመከተል ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ቃዲው ነገሩን ሰምተው ማህጁብንም የቀድሞ ተማሪዎቹንም አስጠሩ። ተማሪዎቹ ከነኻሚስ ሰባት ናቸው። ማህጁብ አልደነገጠም። ኻሚስ ወረቀቱን ራሱ አውጥቶ የበቆሎ ሽፋን እንደከተተበት፣ ይህንንም ያደረገው የሙዐሊሙን ስም ለማጥፋት እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ክታብ ያስፈታ ሰው ምን አይባልም። ኻሚስ ወደ ስድስቱ ዞረ። ከእነሱ አንዱ የራሱን ክታብ ካልሰጠ ውሸታሙ እሱ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ገበያውም ዕድሜ ልኩን ይዘጋበታል።

ቃዲ ሙርሳል ስድስቱን ተራ በተራ አዩዋቸው።

«የአላህ ቃል ቢሆን እኔም አላስፈታም፤ ስንቱን በእጄ ጽፌ አሰፍቻለሁ። ኢጃዛ ግን ለሰው የተጻፈ ነው፣ ለሰው ይነበባል። ማነው የሚያስነብበኝ?»

በመጨረሻ ዐብዱልቃድር፣ ከሁሉም ፈሪው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ከቤት የማይወጣው ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ ክታቡን አወለቀ። ቃዲው ቢስሚላህ ብለው ስፌቱን በጠሱት። የበቆሎ ሽፋን ነው። ከዚያ አምስቱ እየተጋፉ አወለቁ፤ አንደኛው ሽፋን ላይማ የበቆሎው ፀጉር ሳይቀር ነበረበት። ገበያው በሳቅ ተንጫጫ፤ ያልሳቀው ማህጁብ ብቻ ነው።

ፍርዱ በከበሮ ተነገረ። ማህጁብ የሽመና ዕቃውን ከአጥሩ አውጥቶ ሾላው ሥር ይተክላል፤ ድር ማድራቱን በአደባባይ፣ ሁለት ሽማግሌ ሸማኔዎች እያዩት፣ ለሰባቱ ያስተምራል፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አድርተው ሸምነው እስኪያሳዩ አዲስ ተማሪ አይቀበልም፣ ማሽላውንም ራሱ ያርማል። ከእንግዲህ ሙያ አስተምራለሁ የሚል ሁሉ ምን ምን እንደሚያስተምር አስቀድሞ በቃዲው ጸሐፊ ያስመዘግባል፤ ኢጃዛውም ሳይሰፋ፣ ገበያ መሀል ተነቦ ይሰጣል። ጁምዓ ፍየሏን ይዞ ቤቱ ገባ።

መቼም ማህጁብ ሲገደድ ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ኻሚስ ቀን ከቀን ክሩን ከችካል ችካል ሲያመላልስ፣ ሲሳሳት እየፈታ እንደገና ሲጀምር ቆይቶ፣ በአርባኛው ቀን ድሩን ብቻውን አደራ። የሸመነውን ጨርቅ ሽማግሌዎቹ ወጠሩት፣ ወደ ፀሐይ ያዙት፣ ጠርዙን በጥርሳቸው ሞከሩት፤ እንከን አጡለት። እልልታውን የጀመረችው ዐዋጢፍ ናት፤ ገበያው ተቀበላት። ኻሚስ ደረቱን መንፋቱን ረስቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኢጃዛው እዚያው ተጽፎ፣ ተነቦ፣ እጁ ገባ። ኻሚስ ማንበብ አይችልም፤ አንዴ የተታለለ ሰው ነውና በአንድ አንባቢ አልረካም። የመስጊዱን ኢማም አስነበበ፣ አንድ የጨው ነጋዴ አስነበበ፤ ቃሉ ያው ነው። የመጀመሪያውን ደሙር ጭኖ ኩርሙክ ሲወርድ ደግሞ ቃዲ ሙርሳልንም ማህጁብንም በስም የማያውቅ፣ ከማዶ የመጣ መንገደኛ አገኘና ወረቀቱን ዘረጋለት።

ሰውዬው በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ኻሚስ ድሩን ራሱ አድርቷል፣ ማጉንም ራሱ ወርውሯል። ሙያው የራሱ ነው።»

ኻሚስ ድገምልኝ አለው። መንገደኛው አልሰማህም እንዴ ብሎ ጠየቀ።

«ሰምቻለሁ፣» አለ ኻሚስ። «ግን ድገምልኝ።»