«ተልኳል» ብዬ የፈረምኩበት ረቡዕ

ከአራት ወር በፊት፣ ረቡዕ ጠዋት... ጅግጅጋ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን፣ አንድን ሰው ከሥራ ለማሰናበት በተቀመጠ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ለምስክርነት ቀረብኩ። የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ።

ሰውየው መሐመድ አብዲ ይባላል። ሐርተሼክ ያለው የክትባት ማከማቻችን ኃላፊ ነው። ፍሪጁ ቅዳሜ ጠዋት ቆመ፤ ማከማቻው ዝግ ስለነበር እስከ ሰኞ ያየው አልነበረም። የሕፃናቱ ክትባት በሙሉ ተበላሸ። እናቶች ከገጠር ልጅ አዝለው መጥተው እንዲሁ ተመለሱ።

ፍሪጅ ሲሞቅ ለማከማቻው ኃላፊ በስልክ የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ሲስተም አለን። የተከልኩት እኔ ነኝ።

«መልእክት አልደረሰኝም» አለ መሐመድ። «ቤቴ ከማከማቻው አምስት ደቂቃ ነው። ቢደርሰኝ ምን አስቀምጦኝ?»

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንጂነር፣ ተልኳል ወይስ አልተላከም?»

የሲስተሙን መዝገብ ቀደም ብዬ አይቼ ነበር። መዝገቡ ስም እንጂ ቁጥር አያሳይም፤ «ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ለመሐመድ አብዲ ተልኳል» ይላል። የተጠየቅኩትም ይህንኑ ነው።

«ተልኳል» አልኩ። ቃሌ ተጻፈ፤ ፈረምኩ።

መሐመድ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ፈልጉት።»

«መሰረዝ ምን ያቅታል?» አሉ አንድ የኮሚቴው አባል። ስልኩን አንስቶ ያየ ሰው አልነበረም።

ቢሮዬ ተመልሼ ለሪፖርቴ አባሪ እንዲሆን የሲስተሙን የሴቲንግ ፋይል ላትም ከፈትኩት። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ከፍቶ ሊያየው ይችላል። በየመስመሩ በግራ ስም፣ መሐል ላይ የእኩል ምልክት፣ በቀኝ ስልክ ቁጥር። የመረጥኩት ቀላል ስለሆነ ነው። ቀላል ነገር ላይ ሰው አይሳሳትም ብዬ ነበር...

መስመር አሥራ አንድ፦ መሐመድ አብዲ። የሐርተሼኩ።

መስመር ሃያ ስድስት፦ መሐመድ አብዲ። ባቢሌ ያለው ማከማቻ ሲከፈት የጨመርኩት ሌላ ሰው።

ፕሮግራሙ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ሲያገኝ አያስጠነቅቅም። የኋለኛውን ይይዛል፣ የፊተኛውን ይተዋል። ባቢሌ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የሐርተሼክ መልእክት በሙሉ የሚሄደው ወደ ባቢሌ ነበር።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚህ ከተማ መሐመድ አብዲን በስሙና በአባቱ ስም ብቻ ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው። የሐርተሼኩን «ፋሩር» ይሉታል፣ ከንፈረ ስንጥቅ ማለት ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስመዘግበው ራሱ እየሳቀ «ፋሩር ብለህ ጻፍ፣ በኋላ እንዳትቸገር» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የሰው አካል ጉድለት በመሥሪያ ቤት ፋይል ላይ አይሰፍርም ብዬ ተውኩት። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ወደ ባቢሌው መሐመድ ደወልኩ።

«ቅዳሜ ጠዋት መልእክት ደርሶህ ነበር?»

«ደርሶኛል፣ ዋላል» አለ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ፍሪጁ ሞቋል ይላል። ቁርሴን ትቼ ሄድኩ። ከፍቼ እጄን ባስገባ በረዶ ነው። ይሄ ያንተ ማሽን መዋሸት ጀመረ ብዬ ወደ ቁርሴ ተመለስኩ።»

መልእክቱ የቦታ ስም አይጠቅስም። እንዲያጥር ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ገጹን አትሜ፣ ሁለቱን መስመሮች አስምሬ ወደ ሰብሳቢዋ ተመለስኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጠዋት ተልኳል ብለህ ፈርመሃል። አሁን አልተላከም ነው የምትለው?»

«ተልኳል። የተላከው ግን ለእሱ አይደለም።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን እንዲህ አላልክም?»

«ለማን እንደተላከ አልተጠየቅኩም» ልል ነበር። ሐሰት አይሆንም ነበር... «አላጣራሁም» አልኩ።

«ቃለ ጉባኤው ወደ በላይ ኃላፊ ሄዷል» አሉ ወረቀቱን እየመለሱልኝ። «በጽሑፍ አቅርብ።»

አቀረብኩ። የዚያኑ ቀን ለመሐመድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ስልኩን ዘጋው።

በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ ቢሮዬ ገባ። ያተምኩለትን ገጽ ሰጠሁት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

«ይሄ ለኮሚቴ ነው» አለ ገጹን እያየ። «ሐርተሼክ ወረቀት ይዤ ብዞር ማን ይሰማኛል? እናቶቹ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንተ መጥተህ በሽማግሌዎች ፊት በአፍህ ተናገርልኝ።»

ሄድኩ። ከመስጊዱ አጠገብ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ስምንት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁን። በሶማሊኛ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነና መሐመድ የተናገረው እውነት እንደሆነ አስረዳሁ። ስለ ፋይልና ስለ መስመር ብዙ ሳላብራራ ገባቸው።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«አንተንስ ከሥራ አስወጡህ?»

«አላስወጡኝም።»

በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና የመሐመድን እጅ ጨበጡ። ሌሎቹም ተራ በተራ ጨበጡት። ወደ እኔ የተዘረጋ እጅ አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

የስንብቱ ደብዳቤ እንዲሻር በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፤ መልሱ እስከ ዛሬ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው። እኔ ያን መስመር ሳርም አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።