የእትዬ ዘይነባ ድስት

ቸስስ የሚል ድምፅ ነው። የታጠበ ጎመን፣ ውሃው ገና ሳይንጠፈጠፍ፣ የጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ። ባለፈው ሰሞን ገርጂ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣሁ ከአንድ ጎረቤት በር ስር ሰማሁትና ባለሁበት ቆምኩ። መጻፍ ብዙም አልለመደብኝም፣ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ከማመልከቻ ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም። ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ስለ እህቴ ስለ ሰብለ መጻፍ ጀመርኩ። ሰብለ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ገርጂ እንዲህ አልነበረችም። ቤቶቹ የተራራቁ፣ አጥሩ የቆርቆሮ፣ መንገዱ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ ነበር፤ ቦሌ ሊያርፍ የሚወርደው አውሮፕላን ሆዱ እስኪታየን ድረስ ዝቅ ብሎ በላያችን ያልፍ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበረ ወደብ ወርዶ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፉ ነበር። ቤቱን የያዘችው ሰብለ ነበረች። ይህ የማወራው በሆነበት ዓመት እሷ አሥራ አምስት፣ እኔ ዘጠኝ ሞልቶን ነበር።

በበጋ ጎመናችንን የምታሳድገው በእጣቢ ነበር። ሳህን አጥባ ስትጨርስ ውሃውን ሳትደፋ ወደ ጓሮ ትወስድና ለእያንዳንዱ ግንድ ሥሩ ላይ ታፈስለት ነበር። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ተባዩን እለቅም ነበር። ማታ ማታ ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ እስኪደቅቅ ከትፋ ትሠራልን ነበር። እንጀራው የግዢ፣ ወጡም አንዳንዴ ሽሮ፣ አንዳንዴ ምንም። ጎመን ግን አይጠፋም ነበር።

በፋሲካ እታባ መጡ። እታባ የምንላቸው የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው፣ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ዶሮ ይዘው፣ ድፎ ይዘው መጥተው፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ማታ ለአባታችን እኛ እየሰማን ተናገሩ። እናት በሌለበት፣ አባት መንገድ ላይ በሚያድርበት ቤት ልጆች ብቻቸውን አያድጉም አሉ። እኔን ደብረ ብርሃን ሊወስዱኝ፣ ሰብለን መርካቶ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊያስቀምጧት ነው። አባታችን እስከ ክረምት ይቆይ አላቸው። እሳቸውም ለፍልሰታ ተመልሰው አያያዛችንን አይተው እንደሚወስኑ ነግረውን ሄዱ። ያን ሌሊት ሰብለ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አቡሽ፣ የትም አትሄድም። ብቻ የምልህን አድርግ።»

ክረምቱ ገባ፣ ጎመኑም እንደ ጉድ በቀለ። ዝናቡ ሲያባራ ቅጠሉ ላይ የቆመውን ውሃ እያራገፍኩ መሮጥ እወድ ነበር። ሰብለ ግን ስለ እታባ ብቻ ነበር የምታስበው። በፋሲካ ሲያወሩ፣ ጎመን በብረት ድስት ሲሠራ እንደማይጥማቸው፣ የሸክላውን እንደሚወዱ ሰምታ ነበር። የእኛ የጾም ድስት ደግሞ ሰኔ ላይ ተሰንጥቋል። ስለዚህ እታባ በፍልሰታ በመጡ ማግስት ጠዋት፣ እሳቸው ቅዳሴ እንደሄዱ፣ ሰብለ አጥር ለአጥር ከምንዋሰናት ከእትዬ ዘይነባ ትልቁን የሸክላ ድስት ተዋሰች። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፣ ባሏ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ የጠየቋትን ሳትሰጥ ውላ አታውቅም።

ያን ጠዋት እንዴት ደስ ብሎን እንደነበር! ሰብለ ጓሮውን ባዶ እስኪቀር ቀነጠሰችው። ያለንን ሽንኩርት በሙሉ ከተፈች፣ ነጭ ሽንኩርቱን በሙሉ ወቀጠች። ሁለታችንም ጿሚ ስለሆንን፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አንቀምስም፤ እኔ ግን ከሰል እያራገብኩ ሽታውን በአፍንጫዬ እበላ ነበር። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ሸተተ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱ። ከዚያ ድስቱ በደንብ ሲግል ሌላ ሽታ መጣ፣ ኮረሪማ ያለው፣ ሞቅ ያለ፣ የዓመት በዓል የሚመስል። ምራቄን እየዋጥኩ፣ ዛሬስ ጎመኑ ልዩ ነው፣ ዶሮ ዶሮ ይላል አልኳት።

ሰብለ ማማሰያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። የንጥር ቅቤ ነው። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም፤ እኛ ቤት የጾሙና የፍስኩ ድስት ለየብቻ ነው፣ እነሱ ቤት ግን ፍልሰታ የለ፣ ድስቱ ዕድሜውን ሙሉ ቅቤ ሲጠጣ ኖሮ እሳቱ ሲሞቀው ያን ሁሉ መለሰው።

እኔ እታባ አያውቁም፣ እንተወው አልኩ። ሰብለ ዞር ብላ አየችኝ። «ከቅዳሴ ሲመለሱ ቅቤ ላብላቸው?» አለች። ከዚያ መቀመጫዋ ላይ ዘጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ለቅሶዋን የሰማችው እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ነገሩ ሲገባት አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ድስቱም የኔ ጥፋቱም የኔ» አለች። ያንን ድስት እነሱ ቤት ማን እንደሚጨርሰው ራሷ እንደምታውቅ፣ አሁኑኑ ከእሷ ጓሮ ሌላ እንድንቀነጥስ ነገረችን። ከቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎን ድምፅ ይሰማን ነበር፤ ወንጌሉ ገና አልተነበበም። «አቡሽ፣ ሩጥ!» አለች ሰብለ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

ሮጥኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፣ አጥሩን ዘልዬ ጭቃው ውስጥ ወደቅኩ፣ ተነስቼ ቅጠሉን በሁለት እጄ እየቀነጠስኩ ሸሚዜ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፣ አውሮፕላኑ ከላዬ አለፈ፣ እኔም ሳላውቀው እየሳቅኩ ነበር። ሰብለ በተጎረበጠው የአሉሚኒየም ድስታችን ዘይት ጣደች። ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርት የለም። ጎመኑ ዘይቱ ላይ ሲያርፍ ቸስስ አለ፣ ጨው ገባ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቃሪያ። መቅመስ ስለማንችል ሰብለ በማማሰያው ጫፍ ትንሽ አንስታ ለእትዬ ዘይነባ መዳፏ ላይ አደረገችላት። ቀመሰችና ጨው ቆንጠር አድርጊበት አለች። ደግማ ቀመሰች። ሦስተኛም ልትቀምስ እጇን ስትዘረጋ ሰብለ፣ ለእንግዳዬ አስቀሪልኝ እንጂ ብላ ድስቱን ከደነች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

እታባ እግራቸው በጭቃ ተለውሶ ገቡ። ታጠቡ፣ ጸለዩ፣ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳያነሱ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው፣ «ቤቱ ምነው ቅቤ ቅቤ አለኝ?» አሉ።

እኔ ሰብለን አየኋት። ሰብለ ግን ምንም ሳትደብቅ ከድስቱ ጀምራ ነገረቻቸው፤ ይኼኛው ሌላ መሆኑን፣ ሽንኩርት እንደሌለው፣ ጨዉን ማን እንደቀመሰው ጭምር። እታባ ጨው የቀመሰችላት ዘይነባ መሆኗን ሲሰሙ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ከዚያ በሉ። ጣመኝም አልጣመኝም አላሉም። ሳህኑን ግን በእንጀራ ጠርገው ጨረሱት፣ ለሰብለም የመጨረሻውን አጎረሷት።

ፍልሰታ ተፈታ፣ እታባም ጓዛቸውን አዘጋጁ። የእኔ ልብስ በፌስታል ታስሮ በር ሥር ነበር፤ ማን እንዳሰረው እስከ ዛሬ አላውቅም። እታባ ፌስታሉን አንስተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡትና ሰብለን ግንባሯን ሳሟት። «አባታችሁ ሲመጣ ንገሩት» አሉ፤ «ልወስድ መጥቼ ነበር፣ የሚወሰድ አላገኘሁም በሉት።» የመገናኛ ታክሲ እስከሚያዝበት ሸኘናቸው። ስንመለስ ሰብለ እጄን አልያዘችም፣ ትልቅ ሰው ሆነሃል አለችኝ፣ ከዚያ እስከ ቤታችን ተሯሯጥን። መስከረም ሲጠባ ጓሮውን ሁለታችን ቆፍረን እንደገና ተከልነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። እሷ ሥራ ያዘች፣ እኔን አስተማረችኝ፣ ጓሮው ፎቅ ተሠራበት፣ ጎመንም ዛሬ ኢምፔሪያል አካባቢ ተከትፎ በፌስታል ይሸጣል። ያኔ እኔና እሷን ሊለይ የመጣው ሰው ነበር፣ ጊዜም ሰጥቶናል፤ እንቀነጥሳለን፣ እናጥባለን፣ ቢበላሽ እንደገና እንጀምራለን። ዘንድሮ ሰብለ በተኛችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ግን የምሠራው አጣሁ። ተነስቼ አንዷን ነርስ የሚገዛ መድኃኒት፣ የሚመጣ ነገር ካለ ልሩጥ ብዬ ጠየቅኳት። የለም፣ ቁጭ በል ወንድሜ አለችኝ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።