አባየና ቅጠሉ

አባየ፣ አባቴ፣ የወፍ በሽታ መድኃኒት ያውቅ ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከአምባሰል እየተነሳ ሐይቅ እኛ ቤት ይመጣል። አባየ ማንንም ሳያናግር በማለዳ ይወጣና ቅጠሉን እዚያው ወቅጦ፣ ምንነቱ እንዳይለይ አድርጎ ይመለሳል። እናቴ እንኳ አይታው አታውቅም። ሕጉ እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ የሚነገረው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፣ የነገረ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለራሱ አይሠራለትም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ያወጣው ሰው ግን ታሞ አያውቅም፣ ወላሂ።

ባለፈው ክረምት ያው በሽታ እሱኑ ያዘው። ደሴ ወሰድነው፤ ጉበቱ በጣም ተጎድቷል ብለው ኪኒን ሰጥተው መለሱን። ዳገት መውጣቱ ቀርቶ ለውዱእ እንኳ ውኃ የምናቀርብለት እኛ ሆንን።

"ቦታውን ንገረኝና እኔ ላምጣልህ" አልኩት።

"ከነገርኩህማ ለኔ ምን ይረባኛል?"

"እንግዲያ ተሸክሜ ላውጣህ።"

"ስቆርጥ ልታየኝ? ያው መንገር ነው።"

ተናደድኩ። ባጃጅ ስነዳ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ቁጥቋጦው ላይ ነበር፤ ይሄ ይሆን? ያ ይሆን? አጥር ሥር የበቀለውን አረም ሳይቀር ጠረጠርኩ።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጣና "ጠጋ በል" አለኝ። ገባኝ።

"አልሰማም አባየ" ብዬ ተነሳሁ። እጄን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ።

"ታዲያ ይዤው ጉድጓድ ልግባ? በሽተኛው የት ይሂድ?"

ነገረኝ። ሰማሁ።

በማግሥቱ እንደ ሕጉ ማንንም ሳላናግር ወጥቼ ቆረጥኩ፤ ወቅጬ፣ በማር ለውሼ አመጣሁለት። አፉን ገጠመ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እናቴም እግሩ ሥር ወድቃ አለቀሰች። አልቀመሰውም። ጁምዓ ዕለት ቀበርነው።

ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ከግሸን አካባቢ አንድ ጎልማሳ መጣ፤ ዓይኑ ቢጫ ነው። የአባየን ሞት አልሰማም ነበር። ደንግጦ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ሊመለስ ሲል እናቴ "ቆይ፣ ልጁ አለ" አለችው። ወጥቼ፣ ወቅጬ ሰጠሁት።

ዳነ። ሊያመሰግነኝ ሲመጣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ነጥቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጠላሁት።